«ለምን አስቆምከኝ?» ከመተማ ኬላ እስከ ቴል አቪቭ አደባባይ

መስከረም ገብቶ ሰሊጡ መብሰል ሲጀምር ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርዱ አውቶቡሶች ይጨናነቃሉ። አዘዞን ያለፈ መኪና በጭልጋ፣ በአይከል በኩል ደጋውን ይሰናበትና ወደ ነጋዴ ባሕር፣ ከዚያም ወደ ገንዳ ውኃ ይወርዳል። ሙቀቱ ይጀምራል፤ ጋቢ ይወልቃል፤ መስኮት ይከፈታል። ከተሳፋሪው አብዛኛው በአካባቢው አጠራር ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ነው። ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎ ማጭዱንና አንድ ቅያሪ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ የወጣ ወጣት። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። በወቅቱ ካልታጨደ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻውም ሠራተኛውም ይቸኩላሉ።

ኬላው ግን አይቸኩልም። ገመዱ ተወጥሯል። ረዳቱ «መታወቂያ አዘጋጁ» ይላል፤ ሰው ይወርዳል፣ ይሰለፋል። የዕቃ ፍተሻው ሁሉንም እኩል ስለሚነካ ማንም አይከፋበትም። ልዩነቱ የሚመጣው ካርዱ ፈታሹ እጅ ሲገባ ነው። ዓይን ከስም ወደ ትውልድ ቦታ፣ ከትውልድ ቦታ ወደ ፊት ይመላለሳል። አነጋገሩ ለየት ያለው፣ ቆዳው የጠቆረው፣ ስሙ የሌላ አገር ሰው ስም የመሰለው፣ መታወቂያው ላይ የማይታወቅ ወረዳ ማኅተም ያረፈበት «አንተ እዚህ ቁም» ይባላል። ሌላው ተመልሶ ይሳፈራል። እዚያ የቀረው ሰው ምን አደረገ ቢባል ምንም አላደረገም። መኪናው ሲሄድበት የከፈለው ገንዘብ ይቀራል፤ የቀን ሥራው ይቀራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዚያ የባሰ ይገጥመዋል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «የጸጥታ ጉዳይ ነው» የሚል ነው። የጸጥታው ችግር ደግሞ ሐሰት አይደለም። የምዕራብ ጎንደር ሕዝብ ባለፉት ዓመታት በእገታ ተሠቃይቷል። አርሶ አደር ከማሳው፣ ሾፌር ከመሪው ላይ፣ ስደተኛ ከመጠለያው ደጅ ታግቷል፤ ቤተሰብ ከብቱን ሸጦ አስለቅቋል። ድንበሩ ረጅም ነው፤ መሣሪያ ይገባበታል፣ ሰው ይሸጋገርበታል። ኬላ አያስፈልግም የሚል ሰው ይህን መንገድ አያውቀውም፤ እኔም አልልም። የምለው ሌላ ነው። ኬላው የሚፈልገው ወንጀለኛን ከሆነ መመልከት ያለበት ድርጊትን እንጂ ዘርን አይደለም። ያስቆመም ሰው ለምን እንዳስቆመ መናገርና መመዝገብ አለበት። ይህን ማንም ባለሥልጣን በራሱ ተነሣሥቶ ሰጥቶ አያውቅም፤ የተነካው ማኅበረሰብ ተደራጅቶ ሲጠይቅ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። ይህን በተግባር ያሳዩን ሰዎች ደግሞ ከዚሁ ከጎንደር ምድር ተነሥተው፣ ይህንኑ ቆላ በእግራቸው አቋርጠው የተሰደዱ ናቸው።

በዚህ ቆላ ያለፉት

ቋራ ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን ወረዳ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ አገር መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። የቤተ እስራኤላውያንም፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ አገር እንደነበረ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። የቋራ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ዘግይተው፣ በ1990ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት መጨረሻ ላይ ነው። ከሌላው የጎንደር ክፍል የተነሡት ወገኖቻቸው ግን ከዚያ ቀድመው በእግር ወጥተዋል። በደርግ ዘመን ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት ወንጀል ስለነበር ሌሊት ይጓዛሉ፤ ቀን ጫካ ውስጥ ይሸሸጋሉ። መንገድ መሪው አንዳንዴ ታማኝ፣ አንዳንዴ ራሱ ዘራፊ ነበር። ገሚሱ በሁመራ፣ ገሚሱ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ የብዙዎቹ ማረፊያ ሆነ፤ እዚያም ማን እንደሆኑ ደብቀው ኖሩ።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ በረሃብ፣ በውኃ ጥምና በበሽታ ያለቁት ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ኡም ራኩባ ደግሞ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ኢትዮጵያውያን እንደገና ተከፈተ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶም የዚያ መጠለያ ነዋሪ በማንነቱ የሸሸ ኢትዮጵያዊ ነበር።

ቤተ እስራኤላውያን በማንነት መጠርጠርን እስራኤል ደርሰው አይደለም ያዩት። ጎንደር ላይ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ ቡዳ ተብለዋል። የጎረቤት ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነርሱ መንደር ነበር። የመሬት ርስት ተነፍጓቸው ኖረዋል። ይህን መናገር ለጎንደር ሰው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት መነገር ያለበት ነው።

እስራኤልም የጠበቁትን አልሰጠቻቸውም። በጃንዋሪ 1996 እ.ኤ.አ. ማዕሪቭ የተባለው ጋዜጣ ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም ለባለቤቶቹ ሳይነገር እንደሚደፋ አጋለጠ። የጤና ባለሥልጣናት ምክንያት የኤች አይ ቪ ሥጋት ነበር። ከለጋሾቹ እያንዳንዱን መርምሮ መለየት ሲቻል ከአንድ አገር የመጣ ሰው ሁሉ ደም በጅምላ ተጣለ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥቶ ጮኸ። እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ቄሶቻቸው ጥላ እንደያዙ ከልጆቻቸው ጋር ወጡ። የዚያ ቀን ጥያቄ ከኬላው ጥያቄ አይለይም፤ እኔን ሳትመረምር በመጣሁበት አገር ለምን ትፈርድብኛለህ የሚል ነው።

የፖሊሱ ጉዳይ ከደሙ ይልቅ ሥር የሰደደ ነበር። በየከተማው ዳር በሚገኙ ሰፈሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች መናፈሻ ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ፖሊስ ይመጣና መታወቂያ ይጠይቃል። «ምን አጠፋሁ?» ያለው ይጎተታል፤ ሲጎተት የታገለው ፖሊስ በማጥቃት ይከሰሳል። እንዲህ ምንም ወንጀል ሳይኖር ተጀምሮ በወንጀል መዝገብ የሚያልቅ ነገር ለብዙ ወጣት ዕጣ ፋንታው ሆነ። የወንጀል መዝገብ ያለበት ልጅ ደግሞ በወታደር ቤትም በሥራ ቅጥርም ይገፋል።

አፕሪል 26 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ሆሎን በምትባል ከተማ ዳማስ ፓካዳ የተባለ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊሶች ሲመታ የደኅንነት ካሜራ ቀረጸው። ከዚያ በፊትም ብዙዎች ተመትተዋል፤ ሲናገሩ ግን የሚያምናቸው አልነበረም። ቪዲዮው በወጣ በቀናት ውስጥ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም ቴል አቪቭ በሰልፈኛ ተጥለቀለቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወታደሩን ጠርተው አነጋገሩት። የመታው ፖሊስ ግን ለፍርድ አልቀረበም፤ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘጋው።

ሰልፉ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩም በዚያው በቀረ ነበር። ቁጣውን ወደ ሥራ የለወጡት በአብዛኛው ስማቸው በጋዜጣ የማይወጣ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በቤተ እስራኤላውያን የሕግ ባለሙያዎች የተመሠረተው ጠበቃ የተባለው ድርጅት የአንዱን ልጅ ጉዳይ ከሌላው ጋር እያያያዘ ያስቀምጥ ነበር። የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተብሎ፣ በምን ምክንያት ተያዘ የሚለውን ይመዘግባል። አንድ ልጅ «ጠቆር ስላልኩ አስቆሙኝ» ሲል ወሬ ነው ይባላል። በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች በተለያየ ከተማ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩና ቃላቸው በወረቀት ሲሰፍር ግን መንግሥት መልስ ለመስጠት ይገደዳል።

መልሱ በከፊል የመጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተሯ ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በኢትዮጵያውያን ላይ የሚፈጸመው አድልዎ እውነት መሆኑን በመንግሥት ሰነድ አመነ፤ 53 ምክረ ሐሳቦችም አቀረበ። ከነዚህ ውስጥ የፖሊስ ልብስ ላይ የሚገጠም ካሜራ፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አጠቃቀም ገደብ፣ በወጣቶች ላይ የተከፈቱ የፖሊስ ማጥቃት ክሶች እንደገና መታየት ይገኙበታል። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተቋቋመ፤ ኃላፊነቱም ለቤተ እስራኤላዊው ጠበቃ አወቀ ዘና ተሰጠ። በኋላም ፕሬዚዳንት ሬውቨን ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ በቀላል ክስ የተቀጡ ወጣቶች መዝገባቸው እንዲሰረዝ መንገድ ከፈቱ።

በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. ኦገስት ላይ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሮኒ አልሼክ በጠበቆች ስብሰባ ላይ ቀርበው፣ ስደተኞች በወንጀል ውስጥ ከሌላው የበለጠ ስለሚገኙ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ሲያይ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። ማኅበረሰቡ በቁጣ ተነሣ። እኔ ግን የኮሚሽነሩ ንግግር ሳይፈልጉ ያደረጉት ውለታ ይመስለኛል። በየጎዳናው በዝምታ ሲሠራበት የነበረውን አስተሳሰብ ከላይ ሆነው በአንደበታቸው አረጋገጡት። ከእርሳቸው በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ መከራከር አልተቻለም።

በጁን 30 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ሰሎሞን ተካ የተባለ ገና ሃያ ያልሞላው ወጣት በሐይፋ አጠገብ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። አገሪቱ ለቀናት ቆመች፤ ሰልፈኞች ዋና ዋና መንገዶችን ዘጉ። በዚያው ክረምት ጠበቃ የተባለው ድርጅት ከእስራኤል የሲቪል መብቶች ማኅበርና ከሌሎች ጋር ሆኖ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታ አስገባ። ከሳሾቹ የጠየቁት ካሳ ወይም የአንድ ፖሊስ ቅጣት አልነበረም፤ ፖሊስ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሳይኖረው ሰው አስቁሞ መታወቂያ የሚጠይቅበት አሠራር ሕጋዊ ነው ወይ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. አሠራሩ ሕጋዊ መሠረት የለውም ሲል ወሰነ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የእስራኤል ጎዳና ለቤተ እስራኤላውያን ተመቸ ማለት አይደለም። ከፍርዱ በኋላም የሚያለቅሱ እናቶች አሉ፤ በየአደባባዩ ቆመው ፖሊስን የሚታዘቡም አሉ። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ድሮ ምክንያት ማቅረብ የነበረበት የተያዘው ልጅ ነበር፤ አሁን በሕግ ምክንያት ማቅረብ ያለበት ያዡ ነው።

ጥርጣሬው ያዋጣል ወይ?

«ይሁን፤ ግን ደኅንነት ይበልጣል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለእርሱ የኒውዮርክን ነገር ማንሣት ይበጃል። የኒውዮርክ ፖሊስ ከ2004 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ ሰው አስቁሟል። እንዲቆሙ ከተደረጉት ከአሥሩ ከስምንት በላይ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። ከመቶ ሰማንያ ስምንት ያህሉ ጊዜ ሰውዬው ምንም ሳይገኝበት ተለቅቋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ዳኛዋ ሺራ ሻይንድሊን አሠራሩን ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብለው ፈረዱ። በ2011 ከ685 ሺህ በላይ የነበረው የማስቆም ብዛት በ2015 ወደ 22 ሺህ አካባቢ ወረደ። ወንጀል ይጨምራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልጨመረም።

ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። የመተማ መንገድ አጋች ማን ነው? ቆላውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ የአካባቢውን ቋንቋ አጥርቶ የሚናገር፣ ኪሱ ውስጥ የአካባቢው መታወቂያ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። ፈታሹ ዓይኑን ጎጃም በተወለደ ሳሉግ፣ በጥቁር ቆዳ ወይም በትግርኛ ቃና ላይ ሲተክል ይህ አጋች መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ያልፋል። የተገፋው ማኅበረሰብ ደግሞ ለጸጥታ ኃይሉ መረጃ መስጠት ያቆማል። ጥርጣሬ በማንነት ሲመራ ኬላው የሚያጣው ሁለቱንም ነው።

ሕጉ እኛም ዘንድ አለ

ሕጉን ከማንሣቴ በፊት የአካባቢውን ታሪክ ላስታውስ። መተማ ከጥንት ጀምሮ የተቀላቀለ ሕዝብ ከተማ ናት። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ሲጓዙ የቀሩ ተክሩሮች ሰፍረውባታል፤ የሱዳን ነጋዴ፣ የጎንደር ነጋዴ፣ ጉሙዝ፣ ቅማንት፣ አማራ፣ ትግራዋይ ተገናኝተውባታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበረባት። ከዚህ ቆላ ጉሙዞች እየታደኑ የተሸጡባት ናት። ስለዚህ በቆዳ ጥቁረት ሰውን ዝቅ አድርጎ ማየት በዚህ አካባቢ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ የራሳችን ያልተዘጋ ቁስል ነው። ዛሬ በመተማና በቋራ የሚኖር ጉሙዝ፣ ወይም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሱዳናዊ በመንገድ ላይ የሚያየው የዓይን አጣጣል ከዚያ ታሪክ የተነጠለ አይደለም።

ስደተኞቹ ራሳቸው ዝም አላሉም። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት መጠለያውን ለቀው በአውራ ጎዳናው አቅጣጫ ወጡ፤ ለወራትም ጫካ ውስጥ ፕላስቲክ ወጥረው ቆዩ። በዚያው ክረምት አፍጥጥ የሚባል ቦታ ላይ አዲስ መጠለያ ተከፈተ። ሌላ አቤት የሚሉበት መንገድ ያጣ ሰው በእግሩ አቤት ይላል።

በቅማንት ጉዳይ ላይ የደረሰውም ከመታወቂያና ከቆጠራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰው ቅማንት ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የማንነት ጥያቄው፣ በመስከረም 2010 ዓ.ም. የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ፣ ቀጥሎም ደም ያፈሰሱ ግጭቶች መጡ። በጭልጋ፣ በገንዳ ውኃ፣ በመተማ አማራውም ቅማንቱም ሞተ፤ ሁለቱም ተፈናቀለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ 3,000 የሚጠጉ ቅማንቶች ወደ ሱዳን ተሻገሩ። አብረው ለዘመናት የኖሩና የተዋለዱ ሰዎች አንዱ ሌላውን በስሙና በመንደሩ እየለየ መጠርጠር ከጀመረ በኋላ ሰላሙን መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ይህ አካባቢ አሳምሮ ያውቃል።

ከመተማ በስተሰሜን በዚያው የሰሊጥ ምድር ላይ ማይካድራ አለች። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያች ከተማ መታወቂያ እየታየ አማራና ወልቃይቴ የተባለ ሰው ተለይቶ ተገደለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያ ሪፖርቱ ቢያንስ 600 ሰው መገደሉን ገልጿል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በዚያው አካባቢ ትግራዋይ በመሆናቸው የተገደሉ፣ የታሰሩና የተባረሩ አሉ። አንድ ካርድ ላይ የተጻፈ ብሔር ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. በየመንገዱ ኬላ ያደረገውን እኛም በራሳችን አገር አይተነዋል።

አዲስ አበባም ከዚህ አልዳነችም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በቀናት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰው፣ አብዛኛው የትግራይ ተወላጅ፣ መታሰሩን አስታወቀ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ መምሰሉን ገለጸ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ተራው የአማራ ተወላጆች ሆነ፤ ኮሚሽኑ በዋና ከተማዋ የአማራ ተወላጅ የሆኑ ሲቪሎች በስፋት እየታሰሩ መሆኑን መዘገበ። ትናንት የጎረቤቱን መታሰር በዝምታ ያየው ዛሬ ራሱ ታሰረ። አንዱን ብሔር ለመጠበቅ ተብሎ የተፈቀደ አሠራር የሚቀጥለውን ብሔር ለመያዝ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ሳይለይ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 32 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት ይሰጣል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የመዘዋወር መብት ሊገደብ ይችላል፤ ሰዓት እላፊ ይታወጃል፣ መንገድ ይዘጋል። አንቀጽ 93 ግን በማንኛውም አስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ መብቶችን ሲዘረዝር አንቀጽ 25ን በስም ጠርቶ ያስገባዋል። ይህ ማለት መንግሥት በአዋጅ ጊዜ ሁሉንም ሰው ማስቆም ይችላል፤ ከሁሉም መካከል አንድን ብሔር ለይቶ ማስቆም ግን በአዋጅም አይችልም። ከዚህ የጠነከረ የሕግ ቃል የትም አገር ብዙ አይገኝም።

ከዚህ በላይ ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. ማንኛውንም የዘር አድልዎ ለማስወገድ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች። ስምምነቱ የዘር አድልዎ ሲል ቀለምን ብቻ ሳይሆን የትውልድ ሐረግንና ብሔራዊ ምንጭንም ይጨምራል። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው 36ኛ አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ አገሮች ፖሊስ በዘር ላይ ተመሥርቶ ሰው እንዳያስቆም በግልጽ እንዲከለክሉ፣ ያስቆሙትንም እንዲመዘግቡ ጠይቋል።

የመታወቂያውም ነገር እየተለወጠ ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ብሔርንና ሃይማኖትን አይመዘግብም። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ስም፣ አነጋገርና የቆዳ ቀለም ከካርድ አይፋቁም። ካርዱ ቢጠራም የፈታሹ ዓይን ያው ከሆነ «አንተ እዚህ ቁም» አይቀርም።

የጎደለው ተቋም ነው

ሕጉ ካለ ለምን አይሠራም? እስራኤል ውስጥ የነበረው፣ እኛ ዘንድ የሌለው፣ የተበዳዩን ቃል ሰብስቦ አቤት የሚል የተደራጀ ክፍል ነው። ለዚህ ታሪካዊ ምክንያት አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራ የነበረው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ እንኳ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ለመዝጋት ተገደደ። አሥር ዓመት ሙሉ በየወረዳው ተበደልኩ የሚልን ሰው ቃል የሚመዘግብ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. አዋጁ ተሽሮ አዲስ ወጣ፤ በሩ በሕግ ተከፈተ። ቀጥሎ ግን ጦርነት መጣ።

በዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ምክር አለ። ለሳሉጉ፣ ለተሳፋሪዋ እናት «መብትህን ጠይቅ፣ መብትሽን ጠይቂ» ማለት። በጠመንጃ ፊት ብቻውን የቆመን ሰው ተከራከር ማለት ጭካኔ ነው። በተለይ ኬላውን ዛሬ ማን፣ ነገ ማን እንደሚይዘው በማይታወቅበት ሁኔታ። የመከራከሩ ሸክም ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ በማኅበር ላይ መውደቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማኅበር ስለ አባላቱ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ሰውም ስለ ወገኖቹ ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ አንቀጽ ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል።

ማን ይጀምር ቢባል የመተማ መንገድ ራሱ ሰዎች አሉት። የሰሊጥ ባለሀብቶች ሠራተኛ በኬላ ሲቀርባቸው ምርታቸው ይረግፋል፤ ስለዚህ የሞራል ብቻ ሳይሆን የኪስም ምክንያት አላቸው። የትራንስፖርት ማኅበራት ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች በዚህ አካባቢ ደም ሲያደርቁ የኖሩ ናቸው፤ የአማራውም የቅማንቱም የጉሙዙም ሽማግሌ አንድ ላይ ተቀምጦ ከኬላ ኃላፊዎች ጋር ቢነጋገር የሚሰማ ድምፅ አለው። የሚጠይቁት ነገር ብዙ አይደለም። በኬላው ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ ይፈተሽ፤ ተለይቶ የቆመ ሰው ምክንያቱ ይነገረው፤ ስሙ፣ ሰዓቱና ያስቆመው ሰው ስም መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ቤተሰቡ የት እንዳለ ይወቅ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ የጸጥታ ሥራውንም አያዳክምም። በእውነት ወንጀለኛ የሚፈልግ ኬላ ከመዝገብ የሚደብቀው ነገር የለውም።

ለሕግ ባለሙያዎች የተለየ ቃል አለኝ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎችና መምህራን፣ ባሕር ዳር የሚገኘው የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች፣ በገንዳ ውኃና በጎንደር የምትሠሩ ጠበቆች፦ ከኬላ የተመለሰ ሰው ሲመጣላችሁ «አይዞህ» ብላችሁ አትሸኙት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል ጻፉለት፤ ስሙን ደብቁለት፤ ወረቀቱን አስቀምጡት። ሁለተኛው ሲመጣ ከመጀመሪያው ጋር አያይዙት። ዛሬ ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ባይቻል እንኳ ምስክርነቱ በጊዜው ካልተጻፈ ነገ የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም። መዝገቡን አሁኑኑ ጀምሩ።